ለወፊቱ የተዋጣች ጊደር

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የምፈራውን ከምዘረዝርላችሁ የማልፈራውን ብነግራችሁ ይቀላል። እባብ አልፈራም፣ ጅብም እንደ ነገሩ ነው። የቀረውን ሁሉ እፈራለሁ። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሲደውልልኝ እፈራለሁ። ኮምፒዩተሩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ እፈራለሁ፤ በሕይወቴ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ስለሌለ። መብራት ሲመጣም እፈራለሁ። ሲጠፋ ማለቴ አይደለም። ሞያሌ ውስጥ መብራት ቢጠፋ ማንም አይጎዳም፤ ጉዳቱ ሲመለስ ነው። እንደ ሰካራም ባል በሩን ገንጥሎ ነው የሚገባው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አክስቴን ብርቄን እፈራለሁ። እሷን አለመፍራት ጀግንነት ሳይሆን መረጃ ማጣት ነው።

እንጀራዬ ድምፅ ነው። በኬንያው ሞያሌ ከገበያው ወደ ላይ ስትሉ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ለሾፌሮች ዘፈን ሚሞሪ ላይ እጭናለሁ፣ የሰርግ ቪዲዮ አባዛለሁ፣ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ሙያ አይደለም። አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፣ አንድ ነገር ይበላሻል፣ ያንን ቁልፍ ሁለተኛ አልነካም። እንዲህ እንዲህ ስል የማይነኩትን ሁሉ ለይቼ ባለሙያ ተባልኩ።

ድምፅ የማጠራበት ፕሮግራም ነበረኝ። ምልክቱ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ስላለች «ወፊቱ» እላታለሁ፤ ትክክለኛ ስሟ ለምላሴ አይመችም። ወፊቱ ነፃ ናት። ነፃ መሆኗ ብቻ አይደለም፣ ምንጯም ክፍት ነው ይሏታል። ወጡን በነፃ ካበሉህ በኋላ አሠራሩንም ቁጭ አድርገው እንደሚያሳዩህ ዓይነት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዓለም ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። ደግሞም ብዙ አልኖረም፤ እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

አክስቴ ብርቄ የእናቴ ታናሽ ናት። ከእናቴ ጋር ከኢትዮጵያ ተሰደው ድንበሩን ሲሻገሩ ልጃገረድ ነበረች። ከዚያ ጋልጋሎ የሚባል፣ ቦሪ በምትባል መንደር ከብት ያለው ቦረና አገባች። ጋሼ ጋልጋሎ ተቆጥቶ አያውቅም፤ የቤቱን ቁጣ ጠቅልሎ ለአክስቴ ነው የተወላት። አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ዳርሚ። ጋሼ ሶሎሎ ሆስፒታል ታሞ ተኝቶ እንደማይነሣ ሲገባው ቴፕ አስመጣና ለዳርሚ የሰርጓ ቀን የሚሰማ ምርቃት በካሴት ቀዳላት። ዳርሚ ያኔ የወተት ጥርሷ እንኳ አልተነቀለም። በነሱ ወግም በእኛ ወግም አባቷ ሳይመርቃት የወጣች ሙሽራ ውሃ ሳይዝ ጫልቢ በረሃ እንደ ገባ መንገደኛ ናት።

ካሴቱ እንደ ታቦት ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ኖረ። ዳርሚ ስትታጭ አክስቴ ይዛው ሱቄ መጣች።

«ቅጂው፤» አለችኝ። «ጩኸቱን ሁሉ አጥፊና ጋልጋሎን ብቻ አስቀሪልኝ።»

ጩኸቱ ብዙ ነበር። ካሴቱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿል፤ መሐል ላይ አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ የጋሼ ደግሞ ከሁለት ቃል አንዱ ሳል ነው። ወደ ወፊቱ አስገባሁት፣ ካሴቱን ለአክስቴ መለስኩና ሥራ ጀመርኩ። ሳሉን አንድ በአንድ ቆረጥኩ። ዶሮውን አረድኩት። ሥራው እየጣመኝ ሲሄድ ዝናቡንም አባራሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ወፊቱ ያላለቀ ሥራ የምታስቀምጠው በራሷ ቋንቋ ነው፤ ከእሷ በቀር የሚከፍተው የለም። ሲያልቅ ነው በማንኛውም ስልክ ወደሚሰማው ዓይነት የሚገለበጠው። የእኔ አላለቀም ነበር። አንዲት ሳል ቀርታኝ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ከዚያም መጣ።

ላፕቶፔ ጭስ ሆነ። ሠሪው ገላልጦ ዲስኩን አወጣልኝና «ፖሌ ማማ፣ አዝናለሁ፣ ይቺ ብቻ ናት የተረፈችው» አለኝ። ከናይሮቢ በጭነት መኪና የመጣ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁና ዲስኩ ላይ ያለውን ገለበጥኩበት። አሮጌ ቢሆንም ከእኔው አዲስ ስለሆነ ወፊቱን አላውቃትም አለ። ብጫን ብጫን ትከፈትና ወዲያው ትሞታለች። አልደነገጥኩም፤ ካሴቱ አለ። ተነሥቼ አክስቴ ቤት ሄድኩ።

«እታለም፣ ያቺን ካሴት እስኪ አንዴ አውሺኝ።»

«የቷን?»

«የጋሼን።»

«እሷንማ የሰርግ ዘፈን ቀዳሁባት።»

ሳቅሁ። አክስቴ ቀልድ እንደማታውቅ ትዝ ሲለኝ ሳቁ አፌ ውስጥ ደረቀ።

«ምን አልሽ እታለም?»

«ባዶ ካሴት አሁን የት ይገኛል? ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል አላልሽኝም? ሰውዬው አንድ፤ ሁለት ቦታ ምን ይሠራል?»

ለዚህ መልስ ያላችሁ መልሱላት። እኔ «ልክ ነሽ» አልኩ።

«ከቡቲዬ እስከ ቦሪ ያለውን ሰው ጋልጋሎ ራሱ ይመርቃታል ብዬ ጠርቻለሁ፤» አለች። «ትልቁን ስፒከር አምጪ። መጨረሻ የተቀመጠው እንኳ ይስማ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ ሥራ እንደ ፈታ የቦዳቦዳ ሞተር ቆሞ ይንተከተክ ጀመር። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እዘላለሁ። በእንቅልፌ ዳርሚ ያለ ምርቃት ትወጣለች፣ እኔ ደግሞ ባዶ ስፒከር ተሸክሜ እከተላታለሁ። እዚህ ሰው ሲያገባ ከብት ቢሞትበት፣ ልጅ ቢዘገይበት፣ ጎማ ቢተነፍስበት «ምርቃት ጎድሎት ነው» ይባላል። የዳርሚ የዕድሜ ልክ ጎማ ሁሉ በእኔ ስም ሊተነፍስ ነበር።

የወፊቱን ገጽ ፈልጌ ከፈትኩ። ሠሪዋ ከዓመታት በፊት አንድ ነገር ጽፎ ሄዷል፤ ከእንግዲህ አልሠራባትም፣ የፈለገ ይውሰዳት፣ ደህና ሁኑ ይላል። ከሥሩ ከየአገሩ የመጣ ሰው ባለቤቱ የሄደበትን በር ያንኳኳል። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ይለማመጣል፣ አንዱ «እኔም» ብቻ ይላል። ያነበብኩት መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው፤ ስድቡን ግን ያለ መዝገበ ቃላት ገባኝ።

የሰውዬው የኢሜይል አድራሻ ከታች ነበር። ስሙ አርኔ ነው፤ ክረምት ላይ ፀሐይ የማይወጣበት አገር ሰው ነው። ልጽፍለት ቁጭ አልኩ። አንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ እመታዋለሁ። እናቴ ደግሞ ያሳደገችኝ ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን አያነሣም ብላ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ ጉዳዩ በሁለተኛው ቀን ይደርሳል፤ ባለቤቱ ጨዋ ከሆነ ራሱ ይጠይቃል። ስለዚህ ጻፍኩለት። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ እናትህ በሕይወት አሉ ወይ፣ ጤናቸው እንዴት ነው፣ ከብቶችህ ደህና ናቸው ወይ፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናብ ጥሏል ወይ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን አልኩ። ላክሁት።

ከላክሁት በኋላ አሰብኩት። ሰርጉ እየገሰገሰ ነው፣ እኔ የማላውቀውን ነጭ ስለ ከብቱ እጠይቃለሁ! ራሴን ግድግዳ ላይ ላጋጨው ስል ግድግዳው ቆርቆሮ መሆኑ ትዝ አለኝና ጎረቤት እንዳይሰማ ተውኩት።

በማግስቱ መልስ መጣ። ከዓመታት ወዲህ ለማንም ያልመለሰ ሰው ለእኔ መለሰ።

«ደህና ነኝ» ይላል። «እናቴ አለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ከብት የለኝም፤ አንዲት ድመት አለችኝ፣ ደህና ናት። ዝናቡ ከጀመረ አላቆመም። ስለ ወፊቱ ሳይሆን ስለ እኔ የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ። ምን ልርዳሽ?»

መጀመሪያ ስለ ዝናቡ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ምን እንዳልኩት አልገባውም መሰለኝ። ከዚያ ጉዳዬን ከካሴቱ እስከ አክስቴ አፈሰስኩለት።

እሱም የልቡን ነገረኝ። ቀን ቀን ዕቃ ያመላልሳል፤ ወፊቱን ይሠራት የነበረው ከሥራ መልስ ነው። ሰው ሁሉ ተጠቀመባት፤ ስትሰናከል ግን ሁሉም እሱን ሰደበ። አንዴ የፈለገ ይርዳኝ ብሎ ገጹ ላይ የመዋጮ ሳጥን አኑሮ ነበር፤ የተገኘው ለድመቷም አልበቃም። አሁን እሷን ለአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ማስተካከል ከሥራው ፈቃድ ወስዶ መቀመጥ ይጠይቃል። «ልረዳሽ እወዳለሁ፤» አለ፤ «ግን ፈቃድ ብወስድ የሚያበላኝ የለም።»

ይህን አንብቤ ተስፋ በቆረጥኩበት ቀን በሩ ጨለመ። ቀና ስል አባ ዋርዮ ነው፤ የጋሼ ጋልጋሎ ታላቅ ወንድም። ከቦሪ መጥቷል፣ ዱላውን ይዟል፣ ቁመቱ በሩን ሞልቶታል።

«ነጋያ?» አለኝ፤ ሰላም ነሽ ወይ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ አባ ዋርዮ፤ ደህና ነኝ።»

«ከብቱስ?»

«እኔ ከብት የለኝም አባ።»

«ያው ይጠየቃል። የወንድሜን ድምፅ አሰሚኝ።»

«ስቲማ የለም፤» አልኩ። መብራት የለም ማለቴ ነበር። አምፖሉ ከራሱ በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። አባ ዋርዮ ቀስ ብሎ ወደ አምፖሉ አየ፤ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ወረደ።

«ያ ኢንታላ፣» አለ፤ አንቺ ልጅ ሲል ነው፤ «ፀሐይ መሆኑ ነው እንግዲህ ይሄ?»

አፌ ተከፈተና ሁሉም ወጣ። መብራቱ፣ ላፕቶፑ፣ ካሴቱ፣ ወፊቱ፣ አርኔ፣ የአርኔ እናት ጉልበት ሳይቀር። አባ ዋርዮ እየሰማኝ በዱላው ጫፍ የሱቄን ወለል ይጭራል። የሽማግሌ እርግማን ሰባት ቤት ይወርዳል ይባላል፤ እኔ ስድስት ቤት የለኝም፣ ትርፉን ማን እንደሚወስደው እያሰብኩ ጠበቅሁ።

«ይህን ነገር ማን ቆፈረው?» አለኝ።

«የቱን?»

«ወፏን።»

«ይህ አርኔ የሚባለው ሰውዬ ነዋ።»

«ማን ይጠጣል?»

«የፈለገ ሁሉ። በነፃ ነው።»

«ማን ይጠርጋል?»

«እሱ ነበር። ደከመው።»

አባ ዋርዮ ሳቀ። «ታዲያ ኤላ ነው በይኛ!»

ኤላ የቦረና ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ሰው ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ እየዘፈነ ውሃ የሚያቀባብልበት። «ኤላ ሲደረመስ፣» አለኝ፣ «ቆፋሪው ብቻውን አይወርድም። የሚጠጡት ይጠራሉ። ሁሉም እንደ አቅሙ ከብት ያመጣል፣ የሚቆፍሩት እየበሉ ይቆፍራሉ። ያላመጣ አይጠጣም አንልም። ግን ሲጠጣ ዓይኑን ወዴት ያደርጋል? ጠጪዎቹን ጠርተሻል?»

«አላውቃቸውም አባ።»

«አሁን እኔም እኔም የሚሉ አሉ አላልሽም? እነሱ ናቸዋ። እኔ አንዲት ጊደር ሰጥቻለሁ፤ ንገሪያቸው።»

«ጊደር በኢንተርኔት አይሄድም።»

«ገንዘብ በስልክ ይሄዳል ሲሉኝም አይሄድም ብዬ ነበር።» ለመሄድ ተነሣ፤ በሩ ላይ ቆመና «ለብርቄ አልነግራትም» አለኝ።

«ለእኔ አዝነህ ነው አባ?»

«እኔም እፈራታለሁ።»

እንዳለኝ አደረግሁ። እየፈራሁ፣ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በእንግሊዝኛዬ ገጹ ላይ ለጠፍኩት። አጎቴ እንዲህ ይላል፤ ኤላው ተደርምሷል፤ ቆፋሪው ብቻውን አይወርድም፤ እሱ ጊደር ሰጥቷል፣ እናንተስ ምን ይዛችኋል?

መጀመሪያ የመለሰው ሰው «ተጠንቀቁ፣ ይቺ አጭበርባሪ ናት፣ ላም እያለች ልትዘርፋችሁ ነው» ብሎ ጻፈ። ከሰውዬው አገር ፖሊስ ተነሥቶ ሞያሌ ይደርሳል ብዬ መታወቂያዬን ጡቴ ሥር ሸጉጬ፣ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ደንበኛ ቢያንኳኳ «ሀፓና፣ የለችም!» እላለሁ፤ በራሴ ድምፅ። አንዱ ሾፌር «እሺ፣ ስትመጣ ንገሪያት» ብሎኝ ሄደ።

ቆይቼ ፈራ ተባ እያልኩ ገጹን ብከፍተው አርኔ ራሱ መልሶለታል። «እኔ አውቃታለሁ፤» ይላል። «እናንተ ስትሰድቡኝ እሷ የእናቴን ጉልበት ጠይቃለች። እኔን ያላመነ ያጎቷን ጊደር ይመን።»

ከዚያማ ወሬው ተቀየረ። አንዱ ጊደር እናንተ ጋ ስንት ነው አለ። ነገርኩት። ሌላው የእኛ አገር ጊደር ትወደዳለች ብሎ ተከራከረ። አንድ የመዘምራን ቡድን የሚቀዳ ሽማግሌ «ሙሉ አልችልም፣ የአንድ እግሯን ዋጋ ጻፉልኝ» አለ። አንዲት ሴት ጆሮ ሰጠች። የወፍ ድምፅ እየዞረ የሚቀዳ ሰው ፍርምባዋን ያዘ። አንድ ተማሪ ይቅርታ እየጠየቀ ጭራዋን ወሰደ። ያ አጭበርባሪ ያለኝ ሰውዬ እንኳ ቀንድ አመጣ፤ ስሙን ሳይጽፍ ሊያመጣ ነበር፣ አወቅነው። እኛ አገር ሐራምቤ የሚሉት መዋጮ ሲጠራ በማይክሮፎን ስምህ ይጠራና አፍረህ ትሰጣለህ፤ እዚያም ሰው ሰው ነው። ጊደሯ ተሟላች፤ ሁለተኛዋ እስከ አንገቷ ደረሰች። ገንዘቡ አርኔ የመዋጮ ሳጥን ገባ፤ እሱም ፈቃድ ወሰደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰርጉ አልቆመልኝም። አክስቴ ባገኘችኝ ቁጥር «ጋልጋሎ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ደህና ነው እታለም» እላታለሁ፤ ያለበትን ሳላውቅ። አርኔ ደግሞ ዛሬ ተከፈተች፣ ነገ ድምፅ አልሰጥ አለች እያለ ይጽፍልኛል። አዲሷ ወፊቱ የደረሰችኝ በሰርጉ ዕለት ጠዋት ነው።

ያን ጠዋት ግን ከተማው ውስጥ ኔትወርክ ደክሞ ልትወርድልኝ አልቻለችም። ላፕቶፑን አቅፌ ቦዳቦዳ ላይ ወጣሁና ወደ ቡቲዬ ዳገት ሄድኩ፤ እዚያ ትንሽ ይሻላል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ወፊቱ ጠብ ጠብ እያለች ስትወርድ ፍየሎች ከበቡኝ።

«ማማ፣ ሰርጉ ዛሬ አይደል እንዴ?» አለኝ ባለ ሞተሩ።

«ዛሬ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የሙሽራዋን አባት።»

ልጁ ጋሼ ጋልጋሎ እንደሞተ ያውቃል። ሞተሩን ከእኔ ትንሽ ራቅ አድርጎ አቆመው።

ወርዳ አለቀች። ጫንኩ። ኮምፒዩተሩ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም! ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁት። ዓይኔን ስገልጥ ወፏ ተከፍታለች። ያንን ያላለቀ ሥራ ጠራሁት። ዝም አለ። ዝም እንዳለ ቆየ። አንዲቷ ፍየል እንኳ ማመንዠኳን ያቆመች መሰለኝ። ከዚያ ዝናብ ጀመረ፤ የካሴቱ ዝናብ። ዶሮው ጮኸ። ጋሼ ጋልጋሎ ሳለ።

ድምፁ ተርፏል፤ የለፋሁበት ማጥራት ግን አንዱም አልተረፈም። የቆረጥኩት ሳል በሙሉ ተመልሷል፤ ያረድኩት ዶሮ ተነሥቷል። እንደገና ልቆርጥ ጊዜ የለኝም። እንዳለ ገለበጥኩትና «ንዳ!» አልኩት ልጁን።

ስደርስ ዳርሚ ተሸፍና ተቀምጣለች፣ ሰው ድንኳኑን ሞልቶ ወደ ውጭ ፈስሷል። አክስቴ የዳቦ ትሪ እንደያዘች ወደ እኔ መጣች።

«ጩኸቱን አጠፋሽው?»

ፍላሹን ሰክቼ ከስፒከሩ ኋላ ተደበቅሁ።

ዝናቡ ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡት ወደ ሰማይ አዩ። የጋሼ ዶሮ ሲጮኽ የጎረቤቱ ዶሮ መለሰለት፤ ልጆች ሳቁ። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ያ ሳል መጣ፤ ረጅሙ፣ ከደረት ሥር የሚወጣው። አክስቴ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዳርሚ መሸፈኛዋን ገለጠች።

«አባ ነው፤» አለች። ገና ቃል አልተናገረም።

«ዳርሚ፣» አለ ጋሼ፤ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያደባለቀ፤ «ዝናብ ይከተልሽ። በርሽ ለእንግዳ አይዘጋ። ጊደርሽ ትውለድ። እናትሽ ስትቆጣ ዝም በይ፤ እኔ እንዲያ ነው የኖርኩት።» ሳለ። «ሂጂ። መርቄሻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ «ነጋ! ነጋ!» ብለው ተቀበሉት። ሰዉ እየሳቀ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ይስቃል። አክስቴ ከስፒከሩ ኋላ በክንዴ ጎትታ አወጣችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። አበቃልኝ ብዬ አንገቴን ሰበርኩ።

«ሳሉን አጥፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«አዎ እታለም።»

«እኔን መስማት መቼ ልማድሽ ሆኖ ያውቃል!» ብላ ትሪዋን አንሥታ ሄደች። ከእሷ አፍ ምስጋና ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

አባ ዋርዮ ሰርጉ ሲያልቅ ወደ ቦሪ ተመለሰ። እዚያም ሰጥቻለሁ ያላትን ጊደር ከመንጋው ለይቶ ጆሮዋ ላይ ለብቻ ምልክት አደረገላት፤ የአርኔ ናት አለ። እሷም ወለደች፣ ሴት ጥጃ። ገበያ በወረደ ቁጥር ሱቄ ጎራ ብሎ ለአርኔ ስለ ከብቶቹ እንድጽፍ ያዘኛል፤ አርኔም የእናቱን ጉልበትና የድመቷን ደህንነት ይመልስለታል። በድርቁ ዓመት አባ ዋርዮ ከራሱ ከብት ሸጠ። የአርኔን አልሸጠም።